ያውቁ ኖሯል? ክብደታቸው አንድ፣ ጉልበታቸው ለየቅል

• አይፒኢ 300 እና ኤችኢኤ 200 የሚባሉት የብረት ቢሞች ሁለቱም በሜትር 42 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ወለል ሊሸከሙ ሲጋደሙ ግን ቁመቱ ረዘም ያለው አይፒኢ መጉበጥን ከእጥፍ በላይ ይቋቋማል። ኮለን ሆነው ሲቆሙ ደግሞ ብልጫው ይገለበጣል፤ ክንፈ ሰፊው ኤችኢኤ በደካማ ጎኑ ከእጥፍ በላይ ይጠነክራል።

• ስለዚህ ቢም ሲመርጡ ከኪሎው በፊት ሥራውን ይጠይቁ፤ ይጋደማል ወይስ ይቆማል?

• የብረቱ ጥንካሬ ብቻም አይበቃም። በሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠግኖ ነበር፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ለእግረኞች ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ወንዝ ላይ የድልድዩ ከፍታም እንደ ብረቱ ይመረጣል።