ለመድረስ የሚደረግ እሽቅድምድም

መኪና መንዳት የተማረ ሰው ሁሉ መሪ በጨበጠ በዓመቱ «ከእኔ የሚበልጥ ነጂ የለም» ማለቱ አይቀርም። ይህን የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት መንገድ ተመክቶ ነው። ያው ሰው ሌሊቱን ሙሉ፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ፣ በጭቃና በአቧራ፣ በዳገትና በቁልቁለት ንዳ ቢባል ምን ይመልስ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ የሚሰጥ አንድ ዓይነት ውድድር አለ፤ እርሱም የጽናት እሽቅድምድም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ደመወዝ ተቈርጦላቸው ስለሚነዱት ሰዎች አይደለም። በሥራ ቀን ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም መካኒክ ሆነው ውለው፣ በዓል ሲመጣ የራሳቸውን መኪና አስነሥተው ስለሚሰለፉት ነው። በፈረንጅ አፍ «አማተር» ይሏቸዋል፤ የቃሉ ምንጭ ወዳድ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። ለእንጀራቸው ሳይሆን ለፍቅሩ የሚነዱ ናቸው።

መንገዱ ከእኛ ደጅ ነው

የአዲስ ዓለም ሰው ስለ መኪናና ስለ መንገድ ሲወራ እንደ እንግዳ የሚያዳምጥበት ምክንያት የለውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይህችን ከተማ ሲቈረቁሩ፣ መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ተጨፍጭፎ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ጠፍቶ ነበርና። በኋላ ባሕር ዛፍ በቅሎ አዲስ አበባን አዳናት፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ነገር ግን ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት በኢጣልያ መሐንዲሶች መሪነት የተሠራው መንገድ ቀረልን። በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በዚያው ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ የሚደመድም፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ መኪና ወደ አገራችን አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰየመው።

አውቶሞቢል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሊ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። በረሃው መንገድ የሌለው፣ ወንዙ ድልድይ ያልተሠራለት ስለ ነበረ፣ ጉዞው ከመንዳት ይልቅ መግፋት የበዛበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ በሌላ መኪና ተከተለው። ሰዓት የሚይዝ ዳኛ፣ ሽልማት የሚሰጥ ማኅበር አልነበረም። ሆኖም የጽናት እሽቅድምድም ቁም ነገሩ ሁሉ በዚያ ጉዞ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም መኪናንም ራስንም ሳይሰብሩ መድረስ ነው።

በዘውዱ ዘመን መጨረሻ ዓመታትም «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የተባለ ውድድር በአገራችን ይካሄድ ነበር። በአፍሪካ ምድር ከሁሉ በላይ ስሙን የተከለው ግን የጎረቤቶቻችን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ነው።

መዞር የሰለቸው ሰው

የሳፋሪ አጀማመር እንዲህ ነው ይባላል። ኤሪክ ሴሲል የተባለ በኬንያ የሚኖር የመኪና ውድድር ወዳድ፣ ኔል ቪንሰንት የተባለውን ዘመዱን በአንድ የእሽቅድምድም ሜዳ እንዲወዳደር ይጠይቀዋል። ቪንሰንትም አንዱን ሜዳ ደጋግሞ መዞርን የመሰለ አሰልቺ ነገር እንደሌለ ነገረው። ከደጃችን ተነሥተን አፍሪካን አጋምሰን የምንመለስበት ውድድር ከተዘጋጀ ግን እገባለሁ አለው። ሴሲልም ነገሩን እንደ ቀልድ አልተወውም።

በ1945 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1953) የእንግሊዝ ንግሥት የኤልሳቤጥ 2ኛን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ የመጀመሪያው ውድድር በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ተደረገ። የሚገርመው ደንቡ ነው። መኪኖቹ የተመደቡት በሞተራቸው ጉልበት ሳይሆን በዋጋቸው ነበር፤ ርካሹ ከርካሹ፣ ውዱም ከውዱ ጋር ይወዳደራል። ይህም በመሆኑ ባለ ትንሽ መኪናው ሰው ሀብታሙን ሳይፈራ ሊሰለፍ ቻለ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውድድሩ በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን የሚደረግ ሆነ። ፋሲካ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ለሠራተኛው ያመቻል፤ ነገር ግን በዚያ አገር የዝናቡ ወራት መግቢያ ነው። ማለዳ አቧራ የነበረው መንገድ ከቀትር በኋላ ጭቃ ይሆናል፤ በእግር ይሻገሩት የነበረው ጅረት መኪና ይወስዳል።

የውድድሩ አካሄድ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚለቀቁበት አይደለም። መኪኖቹ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ተራ በተራ ይነሣሉ። በመንገዱ ላይ የመቈጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ፤ ከተወሰነው ሰዓት ያሳለፈ ነጂ በዘገየበት ልክ ቅጣት ይቈጠርበታል። በመጨረሻ ያሸነፈው ቅጣቱ ያነሰው ነው። በነጂው ጎን የሚቀመጠው ጓደኛው ካርታና ሰዓት ይዞ፣ ኩርባውንና ድልድዩን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ ይዞ የሚወርድ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀበር የሚገፋም እርሱ ነው።

ከ84ቱ ሰባት

በ1955 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1963) ዝናቡ ከልክ አለፈ። 84 መኪኖች ተነሡ፤ እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ባሌስትራቸው ተሰብሮ፣ ራዲያተራቸው ተበስቶ፣ ወይም ጭቃ ውጦአቸው በየመንገዱ ቀሩ። ያሸነፉት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ ሲሆኑ፣ መኪናቸው ማንኛውም የቤተሰብ አባት የሚነዳው ዓይነት ፔጆ 404 ነበረች። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እንደገና ክፉ ዝናብ ዘነበ፤ እንደገናም የደረሱት 7 ብቻ ሆኑ። ያሸነፉትም እነዚያው ሁለት ሰዎች፣ በዚያው በፔጆ 404 ነበር። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ይባል ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ዕድል ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን ጆጊንደር ሲንግ ነው። ይህ በኬንያ የተወለደ የህንድ ዘር ሰው ያደገው በአባቱ ጋራዥ ነው። በመካኒክነት ከሠራ በኋላ፣ በመንገድ ላይ የተበላሸባቸውን ነጂዎች እየዞረ በሚረዳው የምሥራቅ አፍሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር ተቀጠረ። የሌላውን ሰው መኪና በየጥሻው ሲጠግን የኖረ ሰው ነው ማለት ነው። በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1965) ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ በአንዲት ቮልቮ ተሰለፈ። መኪናይቱ አዲስ አልነበረችም፤ የቮልቮ ፋብሪካ ባለፈው ዓመት ተወዳድሮባት የሸጣት ነበረች። ሁለቱ ወንድማማቾች አበጃጅተው አንደኛ ወጡባት። ጆጊንደር በ1966 እና በ1968 ዓ.ም. በሚትሱቢሺ ዳግመኛ አሸንፏል። ከድሎቹ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ቍጥር ነው፤ 22 ጊዜ ተወዳድሮ 19 ጊዜ መጨረሻው ደርሷል።

በእነዚያ ዓመታት ታላላቅ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሠለጠኑ ነጂዎቻቸውን እየላኩ ቢሞክሩም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጂ ሳፋሪን ያሸነፈው በ1964 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1972) ነው፤ እርሱም ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ ነበር። እስከዚያ ድረስ ባለ ብዙ ገንዘቡን ያሸነፈው የአገሩን ጭቃ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። የትኛው ጭቃ በፍጥነት እንደሚታለፍ፣ በየትኛው ላይ ወርዶ በእንጨት ጥልቀቱን መለካት እንደሚገባ ፋብሪካ አያስተምርም።

የሃያ አራት ሰዓት ፈተና

በፈረንሳይ አገር ለ ማን በተባለች ከተማ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረግ ሌላ የጽናት እሽቅድምድም አለ። እዚያ ርቀቱ አልተወሰነም፤ የተወሰነው ጊዜው ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ያሸንፋል። አማተሮች እስከ ዛሬ ድረስ ቦታ አላቸው። በ1971 ዓ.ም. አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማን፣ 54 ዓመት ሆኖት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እየተፈራረቀ በፖርሼ መኪና ሁለተኛ ወጥቷል።

ስለ ጽናት የሚያስተምረን ታሪክ ግን የፒየር ለቬግ ነው። ይህ ፈረንሳዊ በ1944 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1952) ተለዋጭ ጓደኛ እያለው፣ መሪውን አልሰጥም ብሎ ብቻውን ነዳ። ሌሊቱን አነጋው፤ ቀኑንም አጋመሰው፤ ሁሉንም በሰፊ ርቀት ይመራ ነበር። ሊፈጸም አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው የሞተሩ ቢዬላ ተሰበረና መኪናው ቆመ። ብዙዎች ደክሞት ካምቢዮ በመሳሳቱ ነው ይላሉ። በኋላ ደንቡ ተለውጦ ዛሬ በለ ማን ማንም ነጂ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላውም ከ14 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም።

ሳይከፍል የሚሳፈር

እዚህ ላይ ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ፣ ከዚያም ጉደርን አልፎ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ ላይ ዳኛ የሌለው እሽቅድምድም ሲደረግ እናያለን። በየሻይ ቤቱ «በስንት ሰዓት ገባህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ሾፌር፣ ሰዓቱን ባሳነሰ ቍጥር ይደነቃል። ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ግን የሚጠይቀው የለም።

እንቅልፍ ሳይከፍል የሚሳፈር መንገደኛ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሮጣል። ነጂው ለ4 ሴኮንድ ቢያንቀላፋ፣ መኪናው ወደ 90 ሜትር ያለ ነጂ ሄደ ማለት ነው፤ የኳስ ሜዳ ርዝመት ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ አህያ የሚነዳ ልጅ ሊኖር ይችላል። በጥናት እንደ ታወቀው ደግሞ፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው የሚፈዘው መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደረጃ ይደርሳል። የሰው ገላ እጅግ የሚዝለውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ነው። መስኮት መክፈትም ሆነ ሬዲዮ ማስጮህ ይህን አያድንም፤ ጫትም ቢሆን እንቅልፉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ መኪናውን ማቆም፣ 20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ፣ ካልሆነም ማደር።

ተማሪውም፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም፣ መምህሩም በዚህ መንገድ የምንመላለስ ተሳፋሪዎች ነን። ዓይኑ የከበደ ሾፌር ስናይ «ወንድሜ፣ እስቲ ቡና እንጠጣ፤ ጥቂት እረፍ» ለማለት ማፈር አይገባንም። የመኪናው ባለቤትም ሁለት ሰው የሚሠራውን ሥራ ለአንድ ሰው ማሸከሙን ቢተው፣ ንብረቱንም ሰውንም ያተርፋል። ለ ማን ተወዳዳሪዎቹን ለማሳረፍ ሕግ ካወጣ፣ የሰው ነፍስ ጭኖ የሚሄድማ ከዚያ ያነሰ ሊጠበቅለት አይገባም።

ኖዊኪና ክሊፍ፣ ጆጊንደርና ወንድሙ ስማቸው የተጻፈው ከሁሉ ፈጥነው ስለ በረሩ ብቻ አይደለም። ሌላው በየጥሻው ሲቀር እነርሱ መኪናቸውን ጠብቀው፣ እርስ በርሳቸውም ተጠባብቀው በሰላም ስለ ገቡ ነው።