ወሰኑን ለከርል ተዉለት

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ በማታ። የቴሌግራም ቦቱ ጽሑፉን ይልካል፣ ደረሰኙን ግን እምቢ አለኝ። ሰነድ የለም ብሎ ይመልስልኛል። ፋይሉ ደግሞ ይኸው ፊቴ ተቀምጧል!» ኮዱን ላከልኝ፤ ሠላሳ መስመር የማትሞላ ፒኤችፒ ናት። አየኋትና ሳቄ መጣ። በልጁ አልነበረም የሳቅሁት። በዚያችው ስህተት እኔም በጊዜዬ ሁለት ቀን ሙሉ ፀጉሬን ነጭቻለሁ። ምን እንደነበረች እመለስባታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከተላላኪው ጋር ላስተዋውቃችሁ።

ተላላኪው ከርል ነው። በፒኤችፒ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ይጠራዋል፣ ስለ እሱ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ግን የለም። ክፍያ ሲረጋገጥ፣ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ሲላክ፣ የደንበኛ ፎቶ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ መሀል ላይ የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ኤፒአይ የሚሉት ነገር የሰው መግቢያ የሌለው፣ ለፕሮግራም ብቻ የተከፈተ መስኮት ማለት ነው፤ ከርል እዚያ መስኮት ላይ ወረቀት ይዞ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዳንኤል ስቴንበርግ የሚባል ስዊድናዊ ፕሮግራመር በአይአርሲ የውይይት መድረክ ላይ ለሚያሠራው ቦት የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ ከድረ ገጽ የሚያመጣለት መሣሪያ ፈለገ። ራፋኤል ሳጉላ የተባለ ብራዚላዊ የጻፋትን ኤችቲቲፒጌት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አገኘና ይጠጋግናት ጀመር። በ1997 ስሟ ዩአርኤልጌት ሆነ። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ያለችው «ጌት» ማምጣት ማለት ናት። ቆይቶ ፕሮግራሟ ፋይል መላክም ቻለች። የምትልክን «አምጪ» ብሎ መጥራት አላስኬድ ስላለ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1998 ከርል ተባለች። ልብ በሉ፤ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያገኘው መላክ በመቻሉ ነው። ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው በማምጣት ብቻ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ላይብረሪ ሆኖ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በፒኤችፒ 4.0.2 በኩል ወደ እኛ ሰፈር ደረሰ። ዛሬ በስልክ፣ በቴሌቪዥን፣ በመኪና ውስጥ ሁሉ አለ። ስቴንበርግ የመኪናቸው ናቪጌሽን እምቢ ካላቸው ሰዎች ኢሜይል ይደርሰዋል፤ በመኪናው የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ስሙንና አድራሻውን አግኝተው፣ ጠጋኙ እሱ መስሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ንጉሥ የፖልሄም ሽልማት የወርቅ ሜዳሊያ ሰጡት። ደግ አደረጉ።

አጠቃቀሙን በአንድ ትንፋሽ ልበለው፦ በከርል ኢኒት ይከፈታል፣ በከርል ሴትኦፕት ይታዘዛል፣ በከርል ኤግዜክ ይሰማራል። ሪተርንትራንስፈርን ያላበራ ሰው መልሱ ገጹ ላይ ይዘረገፍበታል። ከርል ክሎዝ ከፒኤችፒ 8.0 ወዲህ ምንም አይሠራም፣ የምንጽፈው በልማድ ነው። ይህን ማንም ያውቃል።

ማንም የማያውቀው ፖስትፊልድስን ነው። የሚላከው ዳታ የሚሰጠው በዚህ ትእዛዝ በኩል ነው፤ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት። ስትሪንግ ስትሰጡት ዳታው ተራ የድረ ገጽ ቅጽ ነው ብሎ ያስብና በአንድ ጥቅል ይልከዋል። አሬይ ስትሰጡት ግን መልቲፓርት ወደሚባለው ሌላ ፖስታ ይዞራል። አንድ ቃል አልተናገራችሁም፤ ፖስታውን የመረጠላችሁ ያቀበላችሁት ነገር ዓይነት ነው። የመስኩ መከራ ግማሹ ከዚህች ዝምታ ይወለዳል።

መልቲፓርት ምን እንደሆነ ለመረዳት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቡ። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ ጉዳዩ፣ ከሥር ደግሞ አባሪ። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ደብዳቤው የት አልቆ አባሪው የት እንደሚጀምር በዓይኗ ትለያለች። ሰርቨር ዓይን የለውም። የሚደርሰው አንድ ረጅም የባይት ገመድ ነው፤ ስሙም፣ አስተያየቱም፣ ፎቶውም በዚያው ገመድ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ላኪው ገና ከበር፣ በሄደሩ ላይ፣ «በየቁራጩ መካከል ይህን ምልክት አኖራለሁ» ብሎ ያስታውቃል። ምልክቱ ባውንደሪ ይባላል። እኔ ወሰን እለዋለሁ፤ በሁለት ገበሬዎች ማሳ መካከል ከሚቆመው የወሰን ድንጋይ የተለየ ሥራ የለውም። ዘዴው ቀድሞ በኢሜይል ውስጥ ነበር፤ ወደ ድረ ገጽ ቅጽ ያመጡት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1995 ሁለት የዜሮክስ ሰዎች በጻፉት ሰነድ ነው።

የወሰን ድንጋይ ማሳው ውስጥ ካለው ተራ ድንጋይ ጋር ከተመሳሰለ ጠብ ነው። ፎቶው ውስጥ በአጋጣሚ ያው የባይት ድርድር ቢኖር ሰርቨሩ ፎቶውን መሀል ለመሀል ይቆርጠዋል። ከርል ይህን ስለሚያውቅ በእያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ወሰን ይፈጥራል፦ የሰረዝ ሰልፍ፣ ከኋላው በዕጣ የወጡ ፊደላትና ቁጥሮች። በገመዱ ላይ ሲተከል ከፊቱ ሁለት ሰረዝ ይጨመርለታል። የመጨረሻው ወሰን ደግሞ ከኋላውም ሁለት ሰረዝ አለው፤ «ከዚህ በኋላ ምንም የለም» ማለት ነው። ያችን ጭራ ባየሁ ቁጥር አራት ነጥብ ትመስለኛለች። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ውስጥ እንደ እሷ የምወዳት ነገር የለችም።

ይህን ሁሉ ከርል ብቻውን ይሠራዋል። ችግሩ እኛ እጃችን አያርፍም። አንዱ ጄሶን ልላክ ብሎ ሄደሩ ላይ ጄሶን ይጽፍና አሬዩን እንዳለ ይሰጠዋል። ከርል ታዛዥ ነው፤ «ጄሶን ነው፣ ወሰኑም ይህ ነው» የሚል ዓይነቱ የማይታወቅ ሄደር ጽፎ ውስጡን መልቲፓርት አድርጎ ይልከዋል። ተቀባዩ ባዶ ዳታ መጣልኝ ይላል። መፍትሔው በጄሶን ኢንኮድ ስትሪንግ አድርጎ መስጠት ብቻ ነበር። ሌላው ከብራውዘሩ የሠራ ሄደር ከነወሰኑ ይገለብጥና ኮዱ ውስጥ ይለጥፋል። ያ ወሰን የትናንት ጉዞ ወሰን ነው። ከርል የራሱን አዲስ ከኋላው ይቀጥልበትና ሄደሩ ሁለት ወሰን ይዞ ይሄዳል፤ ገመዱ ላይ የተተከለው ግን የከርል ብቻ ነው። የጎረቤትን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ እርሻው ላይ የሚተክልን ሰው በሀገር ቤት ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ።

የርዝመቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ገብቶበታል። የጭነቱን መጠን የሚናገረውን ኮንተንት-ሌንግዝ በእጅ መጻፍ የሚወዱ አሉ። የሚቆጠረው ባይት ነው እንጂ ፊደል አይደለም። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ናት። በተራ ቅጽ ስትላክ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት አኃዝ ስለሚሆን 27 ቁምፊ ትደርሳለች። ጄሶን ኢንኮድ ደግሞ ካልከለከሉት እያንዳንዱን ፊደል ወደ 6 የላቲን ቁምፊ ይለውጠዋል።

አንድ ጊዜ ያየሁት ስህተት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊው ርዝመቱን ፊደል በሚቆጥረው ኤምቢ ስትርሌን ይለካ ነበር። ጄሶኑ ሁሉ በላቲን ስለተተካ ሁለቱ ቆጠራ እኩል ይመጣል፤ ወራት ሙሉ ደህና ሠራ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣና «ሎጉ ላይ አማርኛው ይነበብ እንጂ» ብሎ ዩኒኮዱ እንዳይለወጥ የሚያደርገውን አማራጭ አበራ። መልካም ሐሳብ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ቆጠራው ከእውነቱ አነሰ፤ ተቀባዩ በተነገረው ልክ አንብቦ አቆመ፣ የመዝጊያዋ ቅንፍ በር ላይ ቀረች። የሚገርመው ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፉ ደንበኞች አንዳች አልሆኑም። ለአንድ ሳምንት ኔትወርኩ ሲረገም ከረመ።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። ድሮ ፋይል የሚላከው ከአድራሻው ፊት የአት ምልክት በማስቀደም ነበር። ቀላልም አደገኛም ነው፦ የስም መሙያው ላይ ተንኮለኛ ገብቶ የአት ምልክትና የሰርቨሩን ምስጢራዊ ፋይል አድራሻ ቢጽፍ፣ ከርል ስም መሆኑን አያውቅም፤ ፋይሉን ከፍቶ ይልክለታል። ስለዚህ በፒኤችፒ 5.5 ከርልፋይል የሚባል ራሱን የቻለ መያዣ መጣ፤ 7.0 ላይ የአት ምልክቷ ጨርሳ ተባረረች። ከርልፋይል ሦስት ነገር ይቀበላል፦ የፋይሉን ቦታ፣ ዓይነቱን፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚጠራበትን ስም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መተው ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ይተዉ ማለት አይደለም።

ቁጣዬን ለአንድ ነገር ቆጥቤ ነበር። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ ከርል «የምስክር ወረቀቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ብሎ በስህተት ቁጥር 60 ይመለሳል። መድኃኒቱ የታመኑ ባለሥልጣናትን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ከከርል ድረ ገጽ አውርዶ በፒኤችፒ ማዋቀሪያ ላይ ቦታውን መጻፍ ነው፤ አምስት ደቂቃ። ሰው የሚያደርገው ግን ቬሪፋይፒርን ማጥፋት ነው። ዘበኛው መታወቂያ ስለጠየቀ ዘበኛውን ማባረር! ያ መስመር ከላፕቶፑ ተነሥቶ እስከ እውነተኛው የክፍያ ሰርቨር ድረስ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ቬሪፋይሆስት የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ደህና ሰዎችን እንኳ አሳስቷል። ትክክለኛው ዋጋው 2 ነው። ፕሮግራመሮች ግን «እውነት» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ፒኤችፒ እውነትን ወደ 1 ይለውጣል፣ 1 ደግሞ ያኔ የስም ማመሳከሩን ያጠፋ ነበር። አበራሁ ያለው ሁሉ አጥፍቶ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ይህን ካጋለጡ በኋላ ከርል 1ን በድሮ ትርጉሙ መቀበል አቆመ።

የቀረውን በፍጥነት። የጊዜ ገደብ ካላበጃችሁለት ከርል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ በእኛ ኔትወርክ ያ ጥበቃ ረጅም ነው፣ ታይምአውት ጻፉ። ገደቡ አለፈ ማለት ግን መልእክቱ አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ክፍያ ከሆነ ሳታጣሩ ደግማችሁ አትላኩ። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ብሎ ቢመልስም ለከርል ጉዞው የተሳካ ነው፤ ሄዶ መልስ ይዞ መጥቷል። መልሱ ስድብ መሆኑን ማየት የእናንተ ሥራ ነው።

ልጁ ስልኩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «ፋይሉን በከርልፋይል አድርገሃል፣ ጎበዝ» አልኩት። «ከዚያ አሬዩን በኤችቲቲፒ ቢልድ ኩዌሪ ጠቅልለህ ስትሪንግ አደረግኸው። አሁን የሚሄደው ፋይሉ ሳይሆን የፋይሉ አድራሻ ነው። ቤቱን ላክ ስትባል የቤቱን ቁጥር ልከሃል።»

«ሄደሩ ላይ እኮ መልቲፓርት ብዬ ጽፌያለሁ።»

«እሱንም አጥፋው። አሬዩን እንዳለ ስጠው፣ ሌላውን ለሱ ተወው።»

የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ ደረሰኙ ከቦቱ መጣ። ከፈትኩት፤ መጠኑ ልክ ነው፣ ገጹም ሙሉ ነው። ስሙ ግን ፒኤችፒ ለጊዜያዊ ፋይል የሚያወጣው ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር ነበር።

«ጋሼ፣ ስሙስ?»

«ከርልፋይል ላይ ሦስተኛው ቦታ። ነገ ጻፈው፣ አሁን ተኛ።»