የአረሩ ጥልቀት፦ ከውጅግራ ቀለህ እስከ ዘመናዊው ጥይት

ከመቱ ተነሥቶ ጎሬንና ቡሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበቅሎ መንገድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላም በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጓዛል። በዚያ ዘመን በአገራችን ገበያዎች፣ በተለይም በደቡብ ምዕራቡ ክፍል፣ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የሚሠራበት ሌላ ዝርዝር ገንዘብ ነበር፤ እርሱም የጠመንጃ ጥይት ነው። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ እንኳ ዋጋ ነበረው። ምክንያቱም እንደገና ይሞላል።

ይህ ገንዘብ ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። አሞሌን ቀምሶ፣ ብርን አንኳኩቶ መለየት ይቻላል። በእጅ ተሞልቶ የመጣ ጥይት ግን ከውጭ የሚያሳየው የነሐሱን ቅርጽና የአረሩን አፍንጫ ብቻ ነው። በውስጡ ምን ያህል ባሩድ እንዳለ፣ አረሩም ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ተቀባዩ የሚያውቀው ሲተኩስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉንጩ ከሰደፉ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሁለቱ የኋለኛውን፣ ማለትም አረሩ በቀለሁ ውስጥ የሚቀመጥበትን ጥልቀት ነው። ጥይት መያዝም ሆነ ማምረት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ስለሆነ የምናቀርበው ፊዚክሱን እንጂ አሠራሩን አይደለም።

ቀለሁ ራሱ መስፈሪያ ሲሆን

ሕዝባችን ውጅግራ የሚለው ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። የአረሩ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከአምስት ግራም ጥቂት በሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ከአፈሙዙ ይወጣል። ጉልበቱን በታወቀው ቀመር ስናሰላው 2,500 ጁል ገደማ ይሆናል።

በዚህ ጥይት ውስጥ ከታች ባሩዱ፣ ከላዩ የሰም መዝጊያ፣ ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለው የእርሳስ አረር በተርታ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ባዶ ቦታ አይተውም። ጥቁር ባሩድ ክፍተት ካገኘ የሚፈጠረው ጋዝ በክፍተቱ ውስጥ ሮጦ አረሩን እንደ ግድግዳ ይመታዋል፤ በዚያ ስፍራ በርሜሉ እንደ ቀለበት ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ የጥልቀቱ ምርጫ ቀላል ነበር፤ አረሩ ባሩዱንና መዝጊያውን እስኪነካ ድረስ ይገባል፣ በቃ። የጥቁር ባሩድ የመንደድ ፍጥነት በግፊት ብዙ ስለማይለወጥ በሚዛን ሳይሆን በስፍር መሙላትም ይበቃል። ቀለሁ ራሱ መስፈሪያው ነበር ማለት እንችላለን። የገጠር ሞይ ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ጥይት ለማዘጋጀት የቻለውም ባሩዱ ይቅር ባይ ስለሆነ ነው ብለን እናምናለን።

ይቅር የማይለው ባሩድ

በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። የዚህ ባሩድ የመንደድ ፍጥነት ከግፊቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ግፊቱ ሲጨምር መንደዱ ይፈጥናል፣ መንደዱ ሲፈጥን ግፊቱ ይጨምራል። በግራም የሚሰጠውም ጉልበት ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። በቀለህ ስፍር የመሙላት ልማድ ለጥቁሩ የተመቸ ቢሆንም በዚህኛው ባሩድ ላይ ከተሠራበት ጠመንጃውን ከነተኳሹ ያጠፋል።

የጥልቀቱም ጉዳይ እዚህ ላይ ይለወጣል። አረሩ በገባ ቁጥር ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠብባል። እስቲ እናስላ። ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር የታወቀው የጠመንጃ ጥይት አረር ስፋቱ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው፤ የወርዱ ስፋት 0.48 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ የሚወስደው ቦታ 0.048 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ለባሩዱ የተተወው ቦታ ከሦስት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ጉድለቱ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ነው። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን የሽጉጥ ጥይት ብንወስድ ግን የቀረው ቦታ ከግማሽ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ያው አንድ ሚሊ ሜትር ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በሽጉጥ ጥይት ጥቂት የገባ አረር አደጋ ሲሆን፣ በረጅሙ የጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ሌላ ነገር ጎልቶ ይታያል።

ያ ሌላ ነገር ከአረሩ ፊት ያለው ነው። አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ የበርሜሉን ጠምዛዛ ቦዮች ጠርዝ እስኪነክስ ድረስ ጥቂት መንገድ ይዘልላል። መንገዱ ካለ አረሩ እየሮጠ ስለሚደርስ ግፊቱ ቀስ ብሎ ያድጋል። አረሩ ገና ከመጀመሪያው ጠርዙን ነክሶ ከተቀመጠ ግን ለመነሣት ትልቅ ግፊት ይጠይቃል፤ የግፊቱም ጫፍ ከፍ ይላል። እንግዲህ አረሩን ወደ ውስጥ ማግባት በአንድ በኩል ግፊትን ይጨምራል፣ በሌላ በኩል ይቀንሳል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የቀለሁ መጠን ነው። በዚህ ምክንያት የመሙያ መጻሕፍት ከባሩዱ ክብደት ጋር የጥይቱን ጠቅላላ ቁመት አብረው ያትማሉ፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ዒላማ ተኳሾች ጥልቀቱን የሚመርጡት ከታተመው ቁመት ተነሥተው የሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ እየለወጡ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ወይም አምስት ጥይት እየተኮሱ፣ ቀዳዳዎቹ የተቀራረቡበትን በመያዝ ነው። የስታቲስቲክስ ተማሪ እዚህ ላይ ቅንድቡን ማንሣቱ አይቀርም። ከሦስት ጥይት የተገመተ መበተን ወደ 35 በመቶ የሚደርስ የግምት ስሕተት አለው፤ በሃያ ጥይት ስሕተቱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ «ጠመንጃዬ ይህን ጥልቀት ይወዳል» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የዕድል ሥራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከደጋ ወደ ቆላ

ወደ ቡሬ መንገድ እንመለስ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ነች፤ ቡሬ በመካከል፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አጠገብ ትገኛለች። በጎሬ ብርድ ጠዋት እስከ ግፊቱ ወሰን ተሞልቶ የተዘጋጀ ጥይት በጋምቤላ ቀትር ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል፤ የሞቀ ጭስ አልባ ባሩድ ፈጥኖ ይነዳልና።

ከሙቀቱ ይልቅ የምንጠራጠረው ግን የቀለሁን አንገት ነው። ነሐስ በተተኮሰና በተጠበበ ቁጥር ይጠነክራል፤ የጠነከረ አንገት እንደ ስፕሪንግ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አረሩን ጨብጦ መያዝ ያቅተዋል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። በጥቁር ባሩድ ለተሞላው ውጅግራ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ባሩዱና መዝጊያው ከሥር ደግፈው ይይዙታል። ከአረሩ በታች ባዶ ቦታ በሚተወው ዘመናዊ ጥይት ግን፣ በዝናር ውስጥ ወራት የሰነበተ፣ በበቅሎ ጀርባ የተንገጫገጨ ወይም በካዝና ውስጥ በየተኩሱ ወደ ፊት የተወረወረ አረር ማንም ሳይነካው ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። በአንድ ቀን ተሞልተው እኩል ከነበሩ ጥይቶች መካከል አንዱ አጥሮ ከተገኘ ካሊፐሩ የሚነግረን ይህንኑ ነው።