ሸክም ስፖርት አይደለም፤ ወንበርም ዕረፍት አይደለም

ምናለሽ ተራ ወይም ጣና ገበያ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው የመርካቶን የጤና ነገር በዓይኑ ያየዋል። ተሸካሚው የሳልባጅ ቦንዳ በጀርባው አዝሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ሰንጥቆ ያልፋል። ቦንዳውን የገዛው ነጋዴ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከወንበሩ አይነሳም። ዕቃ የሚያወርድለትም፣ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚያመጣለትም ልጅ አለ። የአንዱ ሰውነት ዕረፍት አጥቷል፣ የሌላው እንቅስቃሴ። ስለ ስፖርት ሲነሳ ግን የሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ «ጊዜ የት አለና!»

ነገሩ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተቀምጠው የሚውሉ የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳየ። የመርካቶ ነጋዴ እንደዚያ ሾፌር ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዴንማርክ የሚሠራው ተመራማሪ አንድሪያስ ሆልተርማንና ባልደረቦቹ፣ በቂ ዕረፍት የሌለው ከባድ የጉልበት ሥራ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ለልብ የሚሰጠውን ጥቅም ላይሰጥ እንደሚችል አመለከቱ። ስለዚህ «እኔማ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነኝ» የሚለው ተሸካሚም አልዳነም። ችግሩም ከመርካቶ ያልፋል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ሕዝቡን ለማንቀሳቀስ ያልተሞከረ ነገር የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አደባባዩን በሯጭ ይሞላል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ በወር አንድ እሁድ ማለዳ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተከፈቱ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን በዓመት ወይም በወር አንድ ቀን የተሮጠ ሩጫ ለቀሪዎቹ ቀናት አይተርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው።

150 ደቂቃ ሲባል ያስደነግጣል፤ ሲከፋፈል ግን ግማሽ ሰዓት በ5 ቀን ነው። ሱቁን ዘግቶ ለታክሲ ከመሰለፍ እስከ ፒያሳ በፈጣን እርምጃ የሚወጣ ነጋዴ የቀኑን ድርሻ ከሞላ ጎደል ይጨርሳል። የመርካቶ ቀን ራሱ ሰዓት አለው፤ የአንዋር መስጊድ አዛን፣ የራጉኤል ቅዳሴ፣ የሱቅ መክፈቻና መዝጊያ። አዲስ ልማድ የሚጸናው ከነዚህ ከአንዱ ጋር ሲታሰር ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ አንድ ልማድ እስኪዋሃድ በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ አንድ ቀን ማጓደልም ያን ያህል አያበላሸውም። በጾም ወራት ወይም በረመዳን ጉልበት ሲቀንስ እርምጃን ማሳጠር እንጂ መተው አያስፈልግም።

ለተሸካሚው ምክሩ ሌላ ነው። እሱን የሚጠብቀው በሸክም መካከል ማረፍ፣ ውኃ መጠጣት፣ የደረቱንና የወገቡን ጡንቻ ማፍታታት፣ ምሽት ላይም በቂ እንቅልፍ መተኛት ነው። ይህን ግን ብቻውን አይችለውም። የሸክሙን ክብደትና የዕረፍቱን ጊዜ የሚወስነው አሠሪው ነው።

ጤና የነጋዴው ወይም የተሸካሚው የግል ዕዳ ብቻ አይደለም። የከተማው አስተዳደር በመርካቶ ዕቃ ያልያዘው የእግረኛ መንገድ ያበጅ፤ አሠሪዎች ለጫኝና አውራጆች ማረፊያ ይስጡ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሰኞን አትጠብቅ፦ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ገብተህ ግፊትህን ተለካ፤ ዛሬ ማታም ሱቅህን እንደዘጋህ ወደ ቤትህ በእግርህ ጀምር።