ዋጋው ሌላ፣ ሚናው ሌላ፦ የ2024ቱ ዩኮን ተጫዋቾች ከ10 ስንት ያገኛሉ?

የአሜሪካን ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከአዲስ አበባ ሆኖ መከታተል እንቅልፍ ያስከፍላል። የ2024 የፍጻሜ ጨዋታ አሪዞና ውስጥ ሲጀመር እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ቀኑም ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ሆኗል። በዚያ ሌሊት የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኮን፣ ፐርዱን 75 ለ 60 አሸንፎ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ዋንጫ አነሳ። ከዚያ በፊት ዋንጫውን በተከታታይ የወሰደው ፍሎሪዳ ነው፤ እሱም በ2006 እና በ2007።

ውድድሩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ 68 ዩኒቨርሲቲዎች ይገባሉ፤ አንዴ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመልስ ጨዋታ የለም፤ በምድብ ነጥብ ቆጥሮ ማለፍም የለም። ስለዚህ ትልልቆቹ በየዓመቱ ይወድቃሉ። ዩኮን ግን በዚያ ዓመት ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ ስድስቱንም ቢያንስ በ14 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ልዩነቶቹ ሲደመሩ 140 ነጥብ ይመጣሉ። ይሄ የውድድሩ ሪከርድ ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ውጤት ደሞ 37 ድልና 3 ሽንፈት።

እሺ፣ ጎበዝ ቡድን ነው፤ ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰኔ ወር ላይ የኤንቢኤ ክለቦች 58 ወጣቶችን በተራ መረጡ። ድራፍት የሚሉት ይሄንን ነው፤ ቀድሞ የተመረጠ ብዙ ይከፈለዋል። ስቴፎን ካስል 4ኛ፣ ዶኖቫን ክሊንገን 7ኛ ሆነው ሄዱ። የቡድኑ መሪ ትሪስተን ኒውተን 49ኛ፣ ካም ስፔንሰር 53ኛ። ለነዚህ ሁለቱ ጥሪው የመጣው ሊያልቅ ሲል ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሲያይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ገበያው ያየው ምንድን ነው? እኛስ ሜዳ ላይ ያየነው ምንድን ነው? እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው። ነጥቡን የምሰጠው ለዚያ ዓመት ሥራቸው ብቻ ነው፤ ነገ ምን ይሆናሉ ለሚለው አይደለም።

ትሪስተን ኒውተን፦ 9.5

ኳስ አከፋፋይ፣ 1.96 ሜትር፣ የኤል ፓሶ ቴክሳስ ልጅ። መጀመሪያ የተጫወተው ኢስት ካሮላይና በሚባል፣ በቅርጫት ኳስ ስሙ ብዙም በማይነሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስት ዓመት እዚያ ቆይቶ በ2022 ወደ ዩኮን መጣ።

ቁጥሩ ብቻውን ይናገራል፦ በጨዋታ በአማካይ 15.1 ነጥብ፣ 6.6 ሪባውንድ፣ 6.2 አሲስት። በዓመቱ የአገሪቱ ምርጥ አምስት ውስጥ ገባ፣ ለምርጥ ኳስ አከፋፋይ የሚሰጠውን የቦብ ኩዚ ሽልማት ወሰደ፣ በፍጻሜው 20 ነጥብና 7 አሲስት አስመዝግቦ የመጨረሻው አራት ኮከብ ተባለ።

እኔ የምወድለት ግን አለመቸኮሉን ነው። ኒውተን ሲሮጥ እንኳን የሚራመድ ይመስላል። ተቃራኒ ቡድን ሲያጨናንቅ ኳሷን ይዞ ይቆማል፣ ትከሻውን ያስገባል፣ ጓደኛው ነጻ እስኪሆን ይጠብቃል። ቡድኑ በካንሳስ 69 ለ 65 በተሸነፈበት ቀን እሱ ብቻውን 31 ነጥብ አግብቷል። ግማሽ ነጥብ የቀነስኩበት ከሩቅ ሲወረውር ወጣ ገባ ስለሚል ነው።

ካም ስፔንሰር፦ 9

ይሄኛው መንገዱ ረጅም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሎዮላ በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ ራትገርስ አንድ ዓመት፣ ከዚያ ዩኮን። አይዘልም፣ ፈጣን አይደለም፣ ሜዳ ላይ ደሞ አፉ አያርፍም። ተጋጣሚን ይተነኩሳል፣ ከራሱ ጋር ይጣላል፣ ያገባም ቀን ፊቱ አይፈታም። የሌላ ቡድን ደጋፊ ብሆን አልወደውም ነበር።

ግን ኳሷን ከሰጣችሁት ታገባለች። ከባለሦስት ነጥብ ሙከራዎቹ 44 በመቶውን አግብቷል፤ በአማካይ 14.3 ነጥብ። ከቁጥሩ በላይ ያለው ጥቅም የሚታየው ደሞ ኳስ ሳይይዝ ነው። ተከላካዩ ለአንድ ሰከንድ እንኳን ሊተወው አይችልም፤ ስለዚህ መሀሉ ይከፈታል፣ ሌሎቹ በተከፈተው ቦታ ይገባሉ። እኛ ክፍል ውስጥ ኤክስተርናሊቲ ብለን የተማርነው ይሄ ነው፦ አንዱ የሠራው ሥራ ለጎረቤቱ ሲተርፍ። ችግሩ ጎረቤት ያገኘው ጥቅም በስፔንሰር ስም አይመዘገብም። ከጨዋታ በኋላ የሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።

ዶኖቫን ክሊንገን፦ 9

2.18 ሜትር የሆነ የዚያው የኮኔቲከት ግዛት ልጅ። እሱን ለመረዳት ቦስተን ላይ ከኢሊኖይ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ማየት ይበቃል። ውጤቱ 23 እኩል ነበር። ከዚያ ዩኮን 30 ነጥብ ሲያገባ ኢሊኖይ ምንም። ዜሮ! በዚያ ጨዋታ ክሊንገን እጁን ዘርግቶ የተከላከላቸው 19 ሙከራዎች አንዳቸውም አልገቡም። እሱ ደሞ 22 ነጥብ፣ 10 ሪባውንድ፣ 5 ብሎክ። መጨረሻው 77 ለ 52።

ትልቅ በረኛ ያለውን የእግር ኳስ ቡድን አስቡት፤ አጥቂው ገና ኳሷን ሳይመታ ይሳሳታል። ክሊንገን እንደዚያ ነው። ብሎክ ካደረጋቸው ይልቅ እሱን ፈርተው ያልተወረወሩት ይበዛሉ።

ታዲያ ለምን 10 አልሰጠሁትም? በአማካይ የሚጫወተው ከ40 ደቂቃ 23 ያህሉን ነው፣ የቅጣት ውርወራም ከአሥር ስድስት ገደማ ብቻ ያገባል። አንድ ነገር ደሞ አለ፦ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር እግሩን ታሞ አምስት ጨዋታ አልተሰለፈም፤ ቡድኑ አምስቱንም አሸነፈ። ያለ እሱ ማሸነፍ ይቻል ነበር። ያለ ኒውተን ይቻል እንደሆነ ግን የሞከረው የለም።

ስቴፎን ካስል፦ 8

ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው ልጅ። የዚያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ። በአማካይ 11.1 ነጥብ፣ ከአምስቱ ዝቅተኛው። ከሩቅ የሚወረውረው ከአራት አንዱ ብቻ ስለሚገባ ተከላካዮች «በለው፣ ወርውር» እያሉ ይተዉት ነበር።

እንዲህም ሆኖ 8 ይገባዋል። በየጨዋታው የተጋጣሚን አደገኛ ተጫዋች የመያዝ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሱ ነበር፤ ይሄ ለአንደኛ ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። ትልቁ መድረክ ላይም አልፈራም። በግማሽ ፍጻሜው አላባማ ላይ 21፣ በፍጻሜው 15 ነጥብ አገባ። ከፍተኛ ግምት ይዞ የመጣ ልጅ ነው፤ ግን «ኳሱን ለኔ ስጡኝ» ሳይል አንድ ዓመት ሙሉ ለሌሎች ሠራ። ይሄን የሚያደርግ ኮከብ ስንት ነው?

አሌክስ ካራባን፦ 8

ዝምተኛው። 2.03 ሜትር፣ 13.3 ነጥብ፣ ከሩቅ 38 በመቶ ገደማ። ካራባን ጥሩ የተጫወተበትን ቀን ለማወቅ ውጤቱን ማየት አለባችሁ፤ በዓይን አይታወቅም። በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛው ቦታ ይገኛል፣ ኳስ ሲደርሰው ይወረውራል፣ ይመለሳል። ስሙን ያዙልኝ፤ ወደኋላ ላይ ለክርክሬ ያስፈልገኛል።

ከተቀያሪ ወንበር

ሀሰን ዲያራ 7.5። ገብቶ ሜዳውን የሚያሳብድ ተከላካይ፤ በቢግ ኢስት ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ተብሏል። ሳምሶን ጆንሰን 7። የቶጎ ልጅ ነው፣ ሎሜ የተወለደ። ክሊንገን በታመመባቸው አምስት ጨዋታዎች ቦታውን የሸፈነው እሱ ነው። ቀለበቱ አጠገብ ወደ ላይ ለተጣለለት ኳስ ከሱ የተሻለ አጨራረስ ያለው በቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ፍጻሜው ስለ ቡድኑ ምን አሳየን?

የፐርዱ ዛክ ኤዲ 2.24 ሜትር ነው፤ በፍጻሜው 37 ነጥብ አግብቷል። ይሄን ብቻ የሰማ ሰው ፐርዱ አሸነፈ ብሎ ያስባል። አሠልጣኝ ዳን ኸርሊ ግን ሒሳቡን ሠርቶ ነበር የገባው፦ ኤዲ ያግባ፣ ክሊንገን ብቻውን ይታገለው፣ የቀሩት አራታችሁ ከሰዎቻችሁ አትለዩ። ፐርዱ በዓመቱ ከሩቅ በማግባት ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነበር። በዚያ ሌሊት የሞከረው 7 ብቻ፣ ያገባው 1። ከኤዲ ውጭ ያሉት በሙሉ ተደምረው 23 ነጥብ። አንድ ሰው 37 ቢያገባም አምስት ሰው በልጦታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን

በቀጣዩ ዓመት አምስቱ ውስጥ የቀረው ካራባን ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ያው ኸርሊ፣ ዲያራና ጆንሰንም አሉ፤ አዲስ ጎበዝ ልጆችም መጡ። ውጤቱስ? ገና ኅዳር ላይ ሃዋይ ሄደው በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተሸነፉ። ዓመቱን 24 ድልና 11 ሽንፈት ይዘው ጨረሱ። በትልቁ ውድድርም ሁለተኛው ጨዋታ ላይ በፍሎሪዳ 77 ለ 75 ወጡ። እርግጥ ፍሎሪዳ በኋላ ዋንጫውን ወስዷል።

ካራባንን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያው ልጅ፣ ያው አሠልጣኝ፣ ያው አጨዋወት። ግን ከሩቅ የማግባት ብቃቱ ወረደ። ክንዱ አልተለወጠም፤ የሚደርሰው ኳስ ነው የተለወጠው። ድሮ ኒውተን አይቶ ያቀብለዋል፣ ስፔንሰር ተከላካይ ይስብለታል። ሁለቱ ሲሄዱ ያው ውርወራ ከባድ ሆነ።

«አራት ሰው የሄደበት ቡድን ቢወድቅ ምን ይገርማል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ካስልና ክሊንገንም አብረው ነው የሄዱት። ግን ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከ2023ቱ ዋንጫ በኋላም ሦስት ቋሚዎች ሄደው ነበር፦ ማሊያዊው አዳማ ሳኖጎ፣ ጆርዳን ሆኪንስና አንድሬ ጃክሰን። ሳኖጎ የመጨረሻው አራት ኮከብ ነበር፤ ይባስ ብሎ በድራፍቱ ጭራሽ የመረጠው ክለብ አልነበረም። እነሱ ሄደው ቡድኑ ሲቀጥል ግን ኳስ አከፋፋዩ ኒውተን ቦታው ላይ ነበር። ለኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ክለቦቹ ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። ካስል ሳን አንቶኒዮ ገብቶ በ2025 የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። ገበያው የጠየቀው «ዋንጫውን ማን አመጣ?» ብሎ ሳይሆን «ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይበልጣል?» ብሎ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው፤ ስፔንሰር ደሞ 24 ሞልቶት ነበር። ለክለብ ዕድሜ ማለት ገንዘብ ነው። ኒውተንና ስፔንሰር ኤንቢኤን የጀመሩት ዋናውንና የታችኛውን ሊግ በሚያመላልስ፣ ክፍያው አነስተኛ በሆነ ውል ነው።

ስለዚህ የድራፍት ተራ ቁጥር ዋጋ ነው፤ ያውም የነገ ግምት ዋጋ። የትናንት ሥራ ውጤት ካርድ አድርጎ ማንበብ ግን ስህተት ነው። ብዙ የቅርጫት ኳስ ወዳጆቼ የ2024ቱን ዩኮን «የካስልና የክሊንገን ቡድን» እያሉ ሲጠሩት እሰማለሁ። ስም መስጠት ካስፈለገ የኒውተን ቡድን ነው፤ ከአጠገቡም ስፔንሰር።

የኔ ደረጃ ይሄው ነው፦ ኒውተን፣ ስፔንሰር፣ ክሊንገን፣ ካስል፣ ካራባን። ክሊንገንን ሁለተኛ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው የኢሊኖይ ጨዋታ በቂ ማስረጃ ነው፤ በዚያ አልጣላም። ኒውተንን ከአንደኛነት ለሚያወርድ ግን መጀመሪያ የፍጻሜውን ጨዋታ ሙሉውን ይይ እላለሁ። ኢንተርኔት ፓኬጅ ካላችሁ የጎል ቅንጭብጫቢውን ተዉትና አርባውንም ደቂቃ እዩት፤ ኳሷ ቀለበት ከመግባቷ በፊት በማን እጅ እንዳለፈች እየቆጠራችሁ።