የጉበት ካንሰር በአንዳንዱ ላይ ለምን ቶሎ ይስፋፋል?

በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በካንሰር ሕክምና አንጋፋ ነው። በጉበት ካንሰር የተያዘ ሰው ቤተሰብ ሐኪምን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይድናል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ በዕጢው መጠን፣ በቀሪው ጉበት ጤንነትና በካንሰሩ የመስፋፋት ጠባይ ላይ ይመሠረታል።

ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ናቸው። ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. የደረሱባቸው የእንቁራሪት ግልገል ጅራት እንዴት እንደሚጠፋ ሲያጠኑ ነበር። በሰው ላይ 23 ዓይነት ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በጂን ትእዛዝ ይመረታል። በጤናማ ሰው ቁስል ሲሽር ያረጀውን ያነሳሉ። በካንሰር ጊዜ ግን ከልክ አልፈው ሲመረቱ በሕዋሳት ዙሪያ ያለውን አጥር ያፈርሳሉ፤ ካንሰሩም ወደ ደም ሥር ይዘልቃል። በተለይ ቁጥር 9 የተሰኘው በዕጢው ውስጥ መብዛቱ የበሽታውን መክፋት እንደሚጠቁም ጥናቶች ያሳያሉ። ሆኖም ልኬቱ ገና የዘወትር ምርመራ አልሆነም።

ስለዚህ መከላከሉ ይቀድማል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ለበሽታው ያጋልጣሉ። አርሶ አደሩ እህሉን በሚገባ አድርቆ ያከማች፤ ወላጆችም የሕፃናትን ክትባት አያስተጓጉሉ።