በአዋሽ ወንዝ ዳር የድንኳን ጉዞ ዝግጅት

በአዋሽ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር በብዛት የሚመረጠው ሥፍራ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተሞች መካከል የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ በፓርኩ ደቡባዊ ወሰን ይፈሳል፤ በዋናው ጽሕፈት ቤት አካባቢ ፏፏቴ ሠርቶ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል። ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች ከፏፏቴው ብዙም ሳይርቁ በወንዙ ዳር ዛፎች ጥላ ሥር ይገኛሉ።

የዚህ ጉዞ ዝግጅት ከሌሎች የሚለየው በወንዙ ጠባይ ነው። አዋሽ በፓርኩ ውስጥ የሚሞላው በዋናነት እዚያው በሚዘንበው ዝናብ አይደለም፤ ውሃው ከሩቅ ይመጣል፤ ከመድረሱም በፊት በብዙ እጆች ያልፋል። የጉዞ ቀን፣ የድንኳን ቦታ፣ የሚጫነው የውሃ መጠን፣ ሌሊት የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ሁሉም በዚህ ይወሰናል።

ወንዙና ሙላቱ

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ከሚገኙት ደጋዎች ይነሣና ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ የቆቃን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይሞላል። ከዚያ በመተሐራ በኩል አልፎ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአገሪቱ ትልልቅ ወንዞች መካከል ከኢትዮጵያ ብዙም ሳይወጣ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር በመሆኑ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ የወንዙን ፍሰት በከፊል ይቆጣጠራል። ይሁን እንጂ ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት በደለል ብዙ የመያዝ አቅሙን አጥቷል፤ በክረምት ሲሞላም ውሃ ይለቀቃል። ከግድቡ በታች ደግሞ ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ገባሮች አሉ፤ እነዚህን ቆቃ አያግዳቸውም። ስለዚህ በፓርኩ ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይም እየከረረች ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከዳሩ ወጥቶ በተለይ በአፋር ክልል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል።

ከዋናው ወንዝ ይልቅ ሰውን የሚያዘናጉት ግን ደረቅ የጎርፍ መውረጃዎች ናቸው። በፓርኩ ውስጥ ለስላሳ አሸዋ የተነጠፈባቸው፣ ከነፋስ የተጠለሉ መውረጃዎች አሉ፤ ለድንኳን የተሠሩ ይመስላሉ። ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚለው ከፈንታሌ ተራራ አናት ላይ ዝናብ ከጣለ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጎርፍ ይሆናሉ። አሸዋ ላይ የተጋደሙ ግንዶች ወይም ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ካለ ውሃው እስከዚያ ከፍታ መድረሱን ያሳያል። ድንኳኑ ከዚህ ምልክት በላይ መተከል አለበት።

ጊዜ

ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይቆያል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜም የበልግ ዝናብ ሊኖር ይችላል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ፓርኩ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ለደጋ ሰው ከባድ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። በክረምት ፏፏቴው እጅግ ያምራል፤ ያን ለማየት የሚፈልግ ግን በቀን ደርሶ ቢመለስ ይመረጣል።

ከመነሣት በፊት

ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። መግቢያና የድንኳን ክፍያ ይከፈላል፤ ሌሊት አብሮ የሚያድር የታጠቀ ስካውትም ከጽሕፈት ቤቱ ይጠየቃል። ስካውቱ ስንቅ ይዞ ላይመጣ ስለሚችል ምግብና ውሃ ሲሰላ እሱንም መቁጠር ተገቢ ነው።

ሁለት ነገሮችን በዚያው ሳምንት መጠየቅ ይገባል። አንደኛው የመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ነው። ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ፈንታሌ ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ለወራት የዘለቀ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ደርሶ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ቤቶች ፈርሰዋል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ለድንኳን ነዋሪ ሕንፃ አይወድቅበትም፤ የገደሉ አፋፍ ግን ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ለእይታ ተብሎ ገደሉ ጠርዝ ላይ ድንኳን መትከል አይገባም።

ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ከተማ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጅቡቲ መስመር በከባድ መኪናዎች የተጨናነቀ ነው። ጠዋት ተነሥቶ እስከ ቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ድንኳን ተክሎ መጨረስ ጥሩ ነው፤ በጨለማ የሚመረጥ ቦታ የውሃ ምልክትም ሆነ የእንስሳት ዱካ አያሳይም። በፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ በሁሉም ቦታ ላይገኝ ስለሚችል ካርታውን ቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ ይጠቅማል።

ውሃ

ወንዝ አጠገብ ለሚያድር ሰው ውሃ ጭኖ መሄድ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው የአቃቂ ወንዝ የአዋሽ ገባር ነው፤ በመንገዱም ላይ ፋብሪካዎችና ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች አሉ። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ የተሟሟ ኬሚካልና ጨው ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። በመተሐራ አጠገብ ከመንገዱ ዳር የሚታየው በሰቃ ሐይቅም ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም።

በዚህ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለማብሰያ 6 ሊትር ቢታሰብ አይበዛም። አራት ጓደኛሞችና አንድ ስካውት ለሁለት ቀን 60 ሊትር ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋቸዋል። መኪናው ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ አንድ ጀሪካን መጨመር አስፈላጊ ነው። ይህ ሁሉ 80 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከሌላው ዕቃ በፊት በመኪናው ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

የወንዙ ዳር ባለቤቶች

በወንዙ ውስጥ አዞና ጉማሬ አሉ። አዞ ውሃ ዳር ጎንበስ ብሎ የሚቀዳን ወይም ዕቃ የሚያጥብን ሰው አድብቶ ይይዛል፤ ስለዚህ ረጋ ያለ መስሎ ቢታይም ወደ ወንዙ መግባትም ሆነ ዳሩ ላይ መታጠብ አይገባም። ጉማሬ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ንጋት ላይ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። ወደ ውሃው የሚወርድ፣ ሰፋ ብሎ የተደመደመ መንገድ ከታየ የጉማሬ ሊሆን ስለሚችል ድንኳኑን ከዚያ ማራቅ ነው። ከውሃው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ መራቅ ጥሩ ልክ ነው፤ የስካውቱ ምክር ግን ከማንኛውም ቁጥር ይቀድማል።

ጅብ ሌሊት ይመጣል፤ አንበሳም አልፎ አልፎ ይሰማል። ቀን ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ ምግብ ይዘርፋሉ። ምግብ፣ ሳሙናና ቆሻሻ ሁሉ በተዘጋ መኪና ውስጥ እንጂ በድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ጫማ ከመጫማት በፊት ለጊንጥ ማራገፍ፣ ሌሊት ያለ ባትሪ አለመውጣት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። የግራር እሾህ የድንኳንን ወለል ስለሚበሳ ከሥሩ ወፍራም ሸራ ይነጠፋል። ማገዶ ከፓርኩ አይለቀምም፤ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ከቤት ይያዛል።

ከአራዊቱ በፊት ግን ሰዎች አሉ። ይህ መሬት የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። የስኳር ልማቱና ፓርኩ ሲመጡ ወደ ወንዙ የሚያደርሳቸው መሬት ጠቧል። ከብትና ግመል ወደ ውሃ ሲወርዱ ማየት እዚህ የተለመደ ነው፤ በድርቅ ዘመን ሌላ ምርጫም የላቸውም። ጎብኚ እነሱን እንደ ሰርጎ ገብ ማየቱ ታሪኩን መገልበጥ ነው። የከብት መውረጃ ላይ ድንኳን አይተከልም፣ ሰውም ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣም።

የሚታየው

ከዋናው መንገድ ወደ ፏፏቴው ሲወረድ የኢላላ ሳላ ሜዳ ይገኛል። ስሙን የሰጠው ሳላ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው እንስሳ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይታያል። በፓርኩ ከ450 በላይ የአእዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። በሰሜን ጫፍ ያለው ፍል ውሃ በዘምባባ የተከበበ ነው፤ ከድንኳኑ ሥፍራ ራቅ ስለሚልና መንገዱ ሻካራ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ወባ

አካባቢው ወባማ ነው። መረብ ያለው ድንኳን ወይም አጎበር፣ ከመሸ በኋላ እጅጌ ረጅም ልብስና የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ያስፈልጋሉ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመሄድ በፊት ሐኪም ይጠየቃል። የሕመሙ ምልክት ከተነደፉ ከአንድ ሳምንት በፊት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ከወር በላይም ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው በቶሎ መመርመርና አዋሽ ማደሩን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ጉንፋን ሊታለፍ ይችላልና።